የሊስት ቢ ማይነር የፒያኖ ሶናታ እና አወቃቀሩ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ገጽ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ባር» የተባለው ኖታ ላይ በቋሚ መስመሮች የሚከፈለው የምት ክፍል ነው፤ የባር ቁጥሮቹ የገቡት ኖታውን ይዘው ለሚከታተሉ አንባቢዎች ሲሆን ኖታ የማያነብ ሰው ቁጥሮቹን ዘሎ ቢያነብ የሚቀርበት ነገር የለም። «ቅኝት» የሚለውን ቃል ደግሞ አንድ ሙዚቃ ተነሥቶ የሚያርፍበትን መሠረታዊ ድምፅ እና በዙሪያው የሚሰለፉትን ድምፆች ለማመልከት ተጠቅሜበታለሁ፤ ይህም ስለ ትዝታ፣ ስለ ባቲ ወይም ስለ አምባሰል ስንነጋገር ከምንሰጠው ትርጉም ጋር ይቀራረባል እንጂ አንድ አይደለም። «ቢ»፣ «ዲ»፣ «ጂ» የመሳሰሉት የድምፆች ስሞች ናቸው፤ «ሻርፕ» ድምፁን በግማሽ ደረጃ ከፍ፣ «ፍላት» ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል፤ «ሜጀር» ብሩህ፣ «ማይነር» ጠቆር ያለ ስሜት ያለው የቅኝት ዓይነት ነው።

ሶናታው መቼ እና በምን ሁኔታ ተጻፈ?

ፍራንዝ ሊስት (1811–1886) በወጣትነቱ አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር እየዞረ በፒያኖ አጨዋወቱ ሕዝብ ያስደነቀ ሙዚቀኛ ነበር። ይህን ኑሮ ግን በ1847 ገና በ35 ዓመቱ በፈቃዱ ተወው፤ በ1848 ወደ ቫይማር ገብቶ በዚያች አነስተኛ የጀርመን ከተማ ቤተ መንግሥት የሙዚቃ መሪ ሆኖ ተቀመጠ። በመድረክ ላይ ያጣውን ጊዜ እዚያ አገኘ፤ ዛሬ በታላቅነታቸው የሚታወቁት አብዛኞቹ ሥራዎቹም በቫይማር ዓመታት የተጻፉ ወይም ተከልሰው የመጨረሻ መልካቸውን የያዙ ናቸው። የቢ ማይነር ሶናታው በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1853 ተጠናቀቀ፤ በ1854 ደግሞ በላይፕዚግ በብራይትኮፍ ኡንድ ሄርትል አሳታሚነት ታተመ። 760 ባሮች አሉት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ሲጫወቱት ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ከሾፓን ቢ ማይነር ሶናታ ጋር አንድ ነውን?

አይደለም። ፍሬድሪክ ሾፓንም በ1844 በዚሁ ቅኝት ሶናታ ጽፏል፤ እርሱ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 58 ሲሆን በአራት የተለያዩ ክፍሎች የተከፈለ ነው። የሊስቱ አንድ ወጥ ሆኖ የሚፈስ ነው።

«ሶናታ» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ቃሉ ሁለት የሚቀራረቡ ነገሮችን ስለሚያመለክት ብዙ ጊዜ ግራ ያጋባል። በመጀመሪያ ትርጉሙ አንድን ሙሉ ሥራ ይሰይማል፦ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ክፍሎች ያሉት፣ በክፍሎቹ መካከል ዝምታ የሚገባበት፣ ፈጣን መክፈቻ፣ ዝግ ያለ መካከለኛ፣ የውዝዋዜ ወይም የጨዋታ ጠባይ ያለው ሦስተኛ እና ፈጣን መደምደሚያ የያዘ የመሣሪያ ሙዚቃ ነው። በሁለተኛው ትርጉሙ ደግሞ የአንድ ክፍል ብቻ፣ በተለይም የመክፈቻው ክፍል፣ የውስጥ ንድፍ ነው፤ ይህም «የሶናታ ቅርጽ» ይባላል። በሶናታ ቅርጽ አቀናባሪው ጠባያቸው የተለያየ የዜማ ሐሳቦችን በሁለት የተለያዩ ቅኝቶች ያቀርባል፤ ይህ ኤክስፖዚሽን የሚባለው ማቅረቢያ ነው። ቀጥሎ እነዚህን ሐሳቦች እየቆራረጠ፣ እያጋጨ እና ከቅኝት ወደ ቅኝት እያዘዋወረ ይፈትናቸዋል፤ ይህም ዲቨሎፕመንት ወይም ማፍታቻ ነው። በመጨረሻም ሁሉንም ወደ መነሻው ቅኝት ሰብስቦ ይመልሳቸዋል፤ ይህኛው ሪካፒቹሌሽን ወይም መመለሻ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ኮዳ የሚባል ማሳረጊያ ይከተለዋል።

የቅርጹ ጉልበት ያለው በድግግሞሹ ላይ ሳይሆን ከቤት ርቆ በመቆየት እና በመመለስ መካከል ባለው ውጥረት ላይ ነው። መጀመሪያ በባዕድ ቅኝት የሰማነው ሁለተኛ ሐሳብ በመመለሻው በመነሻው ቅኝት ሲሰማ፣ ዜማው ራሱ ሳይለወጥ እንኳ ትርጉሙ ይለወጣል።

ታዲያ የሊስት ሶናታ ባለ አንድ ክፍል ነው ወይስ ባለ አራት?

ሁለቱንም ነው፤ ሥራውን ልዩ ያደረገውም ይኸው ነው። ከላይ የተገለጹትን ሁለቱን የ«ሶናታ» ትርጉሞች ሊስት በአንድ ላይ፣ በአንድ ጊዜ እና በአንድ ኖታ ላይ ጻፋቸው።

እንደ አንድ ትልቅ የሶናታ ቅርጽ ብናነበው መግቢያው በመጀመሪያዎቹ ሰባት ባሮች ይሰማል፤ ማቅረቢያው ከባር 8 ይጀምርና ከቢ ማይነር ተነሥቶ ወደ ዲ ሜጀር ይሄዳል፤ ሰፊው መካከለኛ ክልል ማፍታቻ ይሆናል፤ በባር 533 የመክፈቻው ሐሳብ በቢ ማይነር ሲመለስ መመለሻው ይጀምራል፤ ከባር 650 ወዲህ ያለው ሁሉ ኮዳ ነው። እንደ ባለ አራት ክፍል ሶናታ ብናነበው ደግሞ እስከ ባር 330 ያለው ፈጣኑ መክፈቻ፣ ከባር 331 የሚጀምረው አንዳንቴ (ረጋ ብሎ የሚሄድ ሙዚቃ) ዝግ ያለው ክፍል፣ ከባር 460 የሚጀምረው ፉግ (ምንነቱ ከታች ተብራርቷል) የሦስተኛውን ክፍል ቦታ የያዘ ጨዋታ፣ ከባር 533 እስከ ፍጻሜው ያለው መደምደሚያ ይሆናል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ታሪክ ምሁር ዊልያም ኒውማን ይህን አሠራር ድርብ ተግባር ያለው ቅርጽ ብሎ ሰይሞታል፤ ስያሜውም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ቅኔ የሚያውቅ አንባቢ አሠራሩን ለመረዳት ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም። በኅብረ ቃል አንዱ ቃል ሳይነካ ሰሙንም ወርቁንም ይሸከማል፤ የባር 331ዱ አንዳንቴም እንዲሁ በአንድ በኩል ራሱን የቻለ ዝግ ያለ ክፍል ሆኖ፣ በሌላ በኩል በትልቁ ቅርጽ ውስጥ የማፍታቻው አካል ሆኖ ያገለግላል። ልዩነቱ በዚህ ሶናታ አንደኛው ትርጉም ሌላውን የሚሸፍን አለመሆኑ ነው፤ ሁለቱም ፊት ለፊት የቆሙ ናቸው፣ አድማጩም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ይሰማቸዋል።

ምሁራን በዝርዝሩ አይስማሙም። ማፍታቻው የት እንደሚጀምር የተለያዩ ባሮችን ይጠቁማሉ፤ መመለሻውንም ገሚሶቹ ከፉጉ፣ ገሚሶቹ ከባር 533 ይጀምሩታል። ይህ አለመስማማት የተንታኞቹ ድክመት አይመስለኝም። ሊስት ስፌቶቹን ሆን ብሎ ሸፍኗቸዋል፤ አንድ መስመር አስምሮ «ማቅረቢያው እዚህ ጋ አበቃ» ማለት ሙዚቃው ያልሰጠንን እርግጠኝነት መጨመር ይሆናል።

ዋና ዋናዎቹ የዜማ ሐሳቦች የትኞቹ ናቸው?

ይህ ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ሙዚቃ የቆመው በጥቂት አጫጭር ሐሳቦች ላይ ነው፤ እነርሱን ለይቶ ያወቀ አድማጭ የሶናታውን በር ከፍቷል ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው የሚወርደው ስኬል፣ ማለትም በደረጃ የተሰለፈ የድምፆች መሰላል፣ ነው። ሶናታው እንደ ታፈነ ከበሮ በዝቅተኛው የፒያኖ ክልል ሁለት ጊዜ በሚመታ አጭር የጂ ድምፅ ይጀምርና ከዚያ አንድ ስኬል ደረጃ በደረጃ ቁልቁል ይወርዳል። ምቱ ይደገማል፤ ስኬሉም ይደገማል፤ ነገር ግን በሁለተኛው ጊዜ በውስጡ ያሉት ድምፆች ተለውጠዋል። የመጀመሪያው የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን የፍሪጅያን ስልት የሚያስታውስ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዘመኑ በሃንጋሪ የሚኖሩ ሮማ የተባሉት ሕዝብ ሙዚቀኞች ስኬል ተብሎ የታወቀውን፣ ሰፋፊ ዝላዮች ያሉበትን ስኬል ይይዛል። ሰባት ባሮች ብቻ ናቸው፤ ሆኖም አድማጩ የት ቅኝት ውስጥ እንዳለ ሳያውቅ ይቆያል።

ሁለተኛው በባር 8 በድንገት የሚፈነዳው ሐሳብ ነው። ሁለቱም እጆች በኦክታቭ፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ በከፍተኛና በዝቅተኛ ክልል አጣምረው፣ እየተጫወቱ መጀመሪያ ወደ ላይ ይዘላሉ፣ ከዚያም በሾለ ምት ወደ ታች ይወረወራሉ። ፉከራም ጥያቄም አለበት።

ሦስተኛው ወዲያው ተከትሎት በግራ እጅ በዝቅተኛው ክልል የሚሰማው፣ አንድን ድምፅ ደጋግሞ የሚቀጠቅጠው አጭር ሐሳብ ነው። ተንታኞች የመዶሻ ምት ይሉታል። ከሁሉም አጭሩና ከሁሉም ደረቁ እርሱ ነው፤ የሶናታው ታላቅ ተአምር የሚፈጸመውም በእርሱ ላይ ነው።

አራተኛው በባር 105 ግራንዲዮዞ በሚል ምልክት በዲ ሜጀር የሚገባው ሰፊና ግርማ የተሞላ መዝሙር ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ረጅም ምንባብ የመክፈቻውን የሚወርድ ስኬል በኤ ድምፅ ላይ ደጋግሞ እየደረደረ ስለሚያዘጋጀው፣ ሲመጣ የተዘጋ በር የተከፈተ ያህል ይሰማል።

አምስተኛው ራሱ የአንዳንቴው ዜማ ነው፤ በባር 331 በኤፍ ሻርፕ ሜጀር ይጀምራል። ከሌሎቹ ዘግይቶ ይምጣ እንጂ በሶናታው ፍጻሜ ላይ ዋና ድርሻ ይኖረዋል።

«የጭብጥ መለወጥ» የሚባለው ስልት ምንድን ነው?

የመዶሻ ምቱን እንከተል። በመጀመሪያ የምናገኘው በጨለማው የፒያኖ ክልል፣ ደረቅ፣ ቁጡ፣ ምንም ዜማ የሌለው ሆኖ ነው። በባር 153 ግን ሊስት ካንታንዶ ኤስፕሬሲቮ፣ ማለትም እየዘመሩና ስሜትን እየገለጹ፣ ብሎ ጽፎ በዲ ሜጀር እጅግ የዋህ የሆነ የፍቅር ዜማ ያስገባል፤ ከሥሩ አጃቢ ድምፆች እንደ ውሃ ይፈስሳሉ። በጥንቃቄ ካልተሰማ አዲስ ዜማ ይመስላል። ነገር ግን የተደጋገሙት ድምፆች እነዚያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም ያው ነው። ሊስት ያደረገው ቆይታቸውን ማስረዘም፣ ክልላቸውን ከፍ ማድረግ፣ ከሥራቸው ያለውን ኮርድ (አብረው የሚሰሙትን ድምፆች) መለወጥ ብቻ ነው፤ በቁጣ ይቀጠቀጥ የነበረው ያው ድምፅ አሁን ይዘምራል።

ይህ ቤትሆቨን ይሠራበት ከነበረው የማፍታታት ዘዴ የተለየ ነው። በቤትሆቨን ዘንድ አንድ ሐሳብ ይቆራረጣል፣ ቁርጥራጮቹም አዲስ ነገር ለመገንባት ይውላሉ፤ የሐሳቡ ጠባይ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደታወቀ ይቆያል። በሊስት ዘንድ የሐሳቡ አጽም ሳይነካ ሥጋና ልብሱ ይለወጣል፤ አንድ ሰው በተለያዩ የሕይወቱ ዘመናት እንደሚታይ ያህል ነው። ስለዚህም በዚህ ሶናታ ውስጥ የተቃራኒ ሐሳቦች ግጭት እንደ ጠላቶች ጦርነት ብቻ አይታይም፤ ጨካኙና የዋሁ ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን ጆሮ ቀስ እያለ ይረዳል። በእኔ ግምት ሥራውን ከቴክኒክ ትዕይንት የሚለየው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም አንድ ነገር እንደሰማን እንጂ ብዙ ነገሮች እንደሰማን እንዳይሰማን የሚያደርገው ይህ ዝምድና ነው።

በጂ ድምፅ የሚጀምር ሙዚቃ ለምን «ቢ ማይነር» ይባላል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባሮች ጂን እንደ መሠረት ያሰማሉ፤ የባር 8ቱ ሐሳብም የትም አይረጋም። ቢ ማይነር መነሻው ቅኝት መሆኑ በግልጽ የሚታወቀው በባር 32 ነው። ሊስት ቤቱን ከማሳየቱ በፊት አድማጩን በደጅ አቆይቶታል፤ የመዝጊያው ምት የሚያሳርፈውም ለዚህ ነው።

አንዳንቴው በሶናታው ውስጥ ምን ይሠራል?

ከባር 331 በፊት ሙዚቃው በብዙ ግጭት ውስጥ አልፏል፤ አንዳንቴው በሦስት ምት ረጋ ብሎ ሲገባ ጊዜው ራሱ የቆመ ይመስላል። ኤፍ ሻርፕ ሜጀር የቢ አምስተኛ ደረጃ ላይ የቆመ ቅኝት ስለሆነ ከመነሻው ጋር ያለው ዝምድና የጠበቀ ነው፤ ሙዚቃው ዐርፎም ቢሆን ወደ ቤት የሚመራው ገመድ አልተበጠሰም። በዚህ ክልል ከአዲሱ ዜማ በተጨማሪ የካንታንዶው ዜማና የግራንዲዮዞው መዝሙር ተመልሰው ይሰማሉ፤ ሙዚቃውም ከጸጥታ ተነሥቶ ወደ ታላቅ ከፍታ ይወጣና እንደገና ወደ ጸጥታ ይወርዳል። ማብቂያው ላይ የመክፈቻው የሚወርድ ስኬል በሹክሹክታ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ በግማሽ መንገድ ላይ እንደሆንን እናውቃለን።

ፉግ ምንድን ነው? ለምንስ እዚያ ቦታ ገባ?

ፉግ አንድ አጭር ዜማ በአንድ ድምፅ ብቻ ተጀምሮ ሌሎቹ ድምፆች ተራ በተራ ያንኑ ዜማ ይዘው የሚገቡበት፣ እርስ በርስ እየተጠላለፉ የሚሄዱበት ጥንታዊ አሠራር ነው፤ በዮሐን ሴባስትያን ባኽ ሥራዎች ወደ ፍጹምነት ደርሷል። የሊስቱ ፉግ ሦስት ድምፆች አሉት፤ ዜማውም የባር 8ቱንና የመዶሻ ምቱን ሐሳቦች አያይዞ የተሠራ ነው።

አስደናቂው ቅኝቱ ነው። ፉጉ የሚጀምረው በቢ ፍላት ማይነር፣ ማለትም ከመነሻው ቅኝት በግማሽ ድምፅ ብቻ ዝቅ ብሎ ነው። ያለፉትን ሐሳቦች በተራቸው ስለሚያመጣ አድማጩ ወደ ቤት የተመለሰ ይመስለዋል፤ ግን ቤቱ በአንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሏል። ሙዚቃው በዚያ ሐሰተኛ መመለስ ላይ ቆሞ ኃይል ያከማቻል፣ ዜማውን ገልብጦም ያሰማል፣ በባር 533 እውነተኛው ቢ ማይነር እስኪደርስ ድረስም አያርፍም። ፉጉን የመመለሻው መጀመሪያ አድርገው የሚቆጥሩ ተንታኞች በዚህ መመሳሰል ላይ ይመሠረታሉ፤ እኔ ግን የቅኝቱን ነገር ከዜማው ነገር ስለማስቀድም ባር 533ን እመርጣለሁ።

መጨረሻው ጸጥ ያለ የሆነው ለምንድን ነው?

ሊስት በመጀመሪያ የጻፈው ፍጻሜ ዘመኑ ከእርሱ ይጠብቅ እንደነበረው ብርቱ ድምፅ ያለው ነበር። ዛሬ በኒው ዮርክ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የገዛ እጁ ጽሑፍ ያን ፍጻሜ ሰርዞ በሌላ እንደተካው ያሳያል። አሁን የምንሰማው እንዲህ ነው፦ በባር 650 የሚጀምረው ጥድፊያ እየፈጠነ ሄዶ በባር 700 የግራንዲዮዞውን መዝሙር በሙሉ ድምፅ በቢ ሜጀር ያነሣዋል፤ ከዚያ ዝምታ ይሆናል። ከዝምታው ውስጥ የአንዳንቴው ዜማ፣ አሁን በቢ ሜጀር፣ በእርጋታ ይመለሳል። ቀጥሎ የመዶሻ ምቱ በሩቅ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ የሚወርደው ስኬል ይሰማል። ሐሳቦቹ ከመጣንበት ቅደም ተከተል በተቃራኒ እየተመለሱ፣ አንድ በአንድ የሚሰናበቱ ይመስላሉ። ሦስት ኮርዶች፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ ሜጀርና ቢ ሜጀር፣ ከፍ ባለው የፒያኖ ክልል እጅግ በዝግታ ይነካሉ፤ ከእነርሱም በኋላ በፒያኖው ጥግ አንዲት ዝቅተኛ ቢ ብቻዋን አጥራ ትመታለች።

ይህች ድምፅ በመክፈቻው ለተሰማችው የታፈነች ጂ መልስ ናት። በጅምሩ ቤት የሌለው ምት ነበር፤ አሁን ያው ዓይነት ምት ቤቱን አግኝቷል። ሊስት ጭብጨባውን የሚያነሣሣውን ፍጻሜ ሰርዞ ይህን መምረጡ የአቀናባሪነት ድፍረቱን ከማንኛውም አስቸጋሪ ምንባብ ይልቅ ያሳየኛል።

ሶናታው አንድ ታሪክ ይተርካልን?

ብዙ ትርጓሜዎች ቀርበዋል። አንዳንዶች ነፍሱን ለሰይጣን የሸጠውን የፋውስትን አፈ ታሪክ፣ ማለትም ፋውስትን፣ የሚወዳትን ግሬትሄንንና ሰይጣኑን ሜፊስቶፌሌስን ያዩበታል፤ በተለይም አንዱ ሐሳብ ወደ ተቃራኒው መለወጡ ለዚህ ንባብ ይመቻል። ሌሎች የሰውን ውድቀትና ድኅነት፣ ሌሎች ደግሞ የራሱን የሊስትን ሕይወት ያነቡበታል። ሊስት ለብዙ ሥራዎቹ ርእስና ማብራሪያ ይጽፍ የነበረ ሰው ሲሆን ለዚህኛው ግን «ሶናታ» ከሚለው በቀር ምንም አላስቀመጠም። ትርጓሜዎቹ ስሕተት ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን አንዱንም የአቀናባሪው ሐሳብ አድርጎ ማቅረብ አይገባም።

ለሮበርት ሹማን የተበረከተው ለምንድን ነው? ሹማንስ ሰምቶታልን?

ጀርመናዊው አቀናባሪ ሹማን በ1839 የታተመውን የሲ ሜጀር ፋንታሲ፣ ኦፐስ 17፣ ለሊስት አበርክቶለት ነበር፤ ሊስትም ከዓመታት በኋላ በዚህ ሶናታ ውለታውን መለሰ። የታተመው ኖታ በ1854 የጸደይ ወራት ወደ ሹማን ቤት ሲደርስ ግን ሹማን በአእምሮ ሕመም ምክንያት በቦን አጠገብ ባለችው በኤንደኒኽ የሕክምና ተቋም ገብቶ ነበር፤ በዚያው በ1856 ዐረፈ። ወጣቱ አቀናባሪ ዮሐንስ ብራምስ ሶናታውን ለሹማን ሚስት ለክላራ ተጫወተላት። ክላራ በማስታወሻዋ ላይ ሥራውን እንደ ባዶ ጩኸት ቈጥራ፣ ጤናማ ሐሳብ የሌለበት መሆኑንና ያም ሆኖ ሊስትን ልታመሰግነው እንደሚገባት ጽፋለች። እርሷ ከዘመኑ ምርጥ የፒያኖ ተጫዋቾች አንዷ ስለነበረች ፍርዷን በአላዋቂነት መግለጽ አይቻልም፤ ባሏ በሕመም ምክንያት ከቤት በተለያት ወራት የተጻፈ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም።

ሕዝቡና ተቺዎቹስ እንዴት ተቀበሉት?

አቀናባሪው ሪቻርድ ዋግነር በ1855 በለንደን ፒያኖ ተጫዋቹ ካርል ክሊንድቮርት ሲጫወተው ሰምቶ ለሊስት ከፍ ያለ አድናቆቱን ጽፎለታል። ለሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው ግን ከተጻፈ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጃንዋሪ 27 ቀን 1857፣ በበርሊን ነው፤ የተጫወተውም የሊስት ተማሪ ሃንስ ፎን ቢውሎ ሲሆን መሣሪያው ከፒያኖ ሠሪው ከቤክስታይን የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ፒያኖዎች አንዱ ነበር። የበርሊን ጋዜጦች አጥብቀው ነቀፉት። በ1881 እንኳ የቪየናው ተቺ ኤድዋርድ ሃንስሊክ ሥራውን ሰምቶ የወደደ ሰው መድኃኒት የለውም የሚል ይዘት ያለው ፍርድ ጽፏል። የዚያ ዘመን ጠብ የተነሣው በአንድ ሶናታ ላይ ብቻ አልነበረም፤ የቤትሆቨን ቅርስ በነበረው ቅርጽ ይቀጥል ወይስ ቅርጹ ራሱ ይታደስ የሚለው ጥያቄ የጀርመንን ሙዚቀኞች ለሁለት ከፍሏቸው ነበር። ሶናታው በ20ኛው መቶ ዘመን በፒያኖ ተጫዋቾች ዘንድ ቋሚ ቦታውን ያዘ።

ክፍሎችን ሳያቋርጡ የማያያዙ ሐሳብ ከየት መጣ?

የቅርቡ አርአያ የፍራንዝ ሹበርት «የመንገደኛው ፋንታሲ» ነው። በ1822 የተጻፈው ይህ ሥራ አራት ክፍሎቹን ሳያቋርጥ ያያይዛል፤ ሁሉንም የሚያስተሳስረውም ከአንድ የሹበርት ዘፈን የተወሰደ የምት ሐሳብ ነው። ሊስት ሥራውን ስለወደደው በ1851 ገደማ ለፒያኖና ለኦርኬስትራ አዘጋጅቶታል። ከዚያ በፊት ቤትሆቨን በ1801 ባጠናቀቃቸው በሁለቱ የኦፐስ 27 ሶናታዎች የክፍሎችን ወሰን ማፍረስ ጀምሮ ነበር። ሊስት ከእነዚህ የወሰደው መንገዱን ነው፤ አራቱን ክፍሎች በአንድ የሶናታ ቅርጽ ውስጥ ማስገባቱ ግን የራሱ ነው።

ለመጫወት ምን ያህል ይከብዳል?

ፈጣን ኦክታቮች፣ ሰፋፊ ዝላዮችና ሦስቱን ድምፆች ለይቶ ማሰማትን የሚጠይቀው ፉግ ብርቱ እጅ ይፈልጋሉ። ነገር ግን ብዙ ተጫዋቾች የሚሰናከሉት በጣት ሥራው ላይ አይደለም፤ ግማሽ ሰዓቱን በአንድ ትንፋሽ ይዞ መቆየቱ ነው የሚያስቸግረው። ግራንዲዮዞው በባር 105 ሲመጣ ኃይሉን ሁሉ ያፈሰሰ ተጫዋች በባር 700 የሚጨምረው አይኖረውም። ዝምታዎቹም እንደ ድምፅ ሊቈጠሩ ይገባል፤ ሊስት ከመክፈቻው ጀምሮ በዕረፍት ምልክቶች ይናገራል፣ እነርሱን የሚያሳጥር ተጫዋች ሐሳቡን ቈርጦ ይጥላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳዳምጠው ምን ልከተል?

ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ለመያዝ አይሞክሩ። በመጀመሪያው ማዳመጥ የሚወርደውን ስኬል ብቻ ይጠብቁ፤ በመክፈቻው፣ ከፉጉ በፊትና በፍጻሜው አካባቢ ሲመጣ የትልቁን ሕንፃ ምሰሶዎች ያሳይዎታል። በሁለተኛው ማዳመጥ የመዶሻ ምቱን ይከተሉ፤ በባር 153 ወደ ዜማ ሲለወጥ በገዛ ጆሮዎ ካወቁት ከዚያ በኋላ ማብራሪያ ብዙም አያስፈልግዎትም። በሦስተኛው ኖታውን ይዘው ቢከተሉ መልካም ነው፤ ሊስት ካረፈ ብዙ ዘመን ስለሆነ የቀድሞ እትሞቹ በነጻ ይገኛሉ።

ከቅጂዎች መካከል የቭላድሚር ሆሮቪትስ የ1932ቱ ቅጂ የእሳት ያህል የሚፋጅ ነው፤ ክላውዲዮ አራው ዝግ ብሎ የእያንዳንዱን ሐሳብ ክብደት ያሰማል፤ ማርታ አርገሪች ፈጥና ሳትደናገር ታልፋለች፤ ክሪስትያን ዚመርማን ደግሞ አወቃቀሩን ከሁሉም በላይ ግልጽ አድርጎ ያቀርባል። ለአወቃቀሩ ሲሉ የሚያዳምጡ ከሆነ ከዚመርማን ቢጀምሩ እመርጣለሁ።

ከእርሱ ቀጥሎስ ምን ላዳምጥ?

ወደ ኋላ ለመሄድ የሹበርትን «የመንገደኛው ፋንታሲ»፣ ወደ ፊት ለመሄድ ደግሞ በ24 ዓመቱ የሞተውን የሊስትን ተማሪ የዩልዩስ ሮይብከን የቢ ፍላት ማይነር የፒያኖ ሶናታ ይስሙ፤ የመምህሩ ፈለግ በግልጽ ይታይበታል። አርኖልድ ሸንበርግ በ1906 ባጠናቀቀው የመጀመሪያው የቻምበር ሲምፎኒው፣ ኦፐስ 9፣ ብዙ ክፍሎችን በአንድ ወጥ ሥራ የማጠፉን ሐሳብ ወደ አዲሱ መቶ ዘመን አሻግሮታል። የእርሱ ተማሪ አልባን በርግ ደግሞ ኦፐስ 1 ብሎ ያወጣው ባለ አንድ ክፍል የፒያኖ ሶናታ ሲሆን፣ ቅኝቱ በብዙ መንገድ ተዛብቶ ከተጓዘ በኋላ የሚያርፈው በዚሁ በቢ ማይነር ነው።